ተኩላ ገዳዩ የተኩላ ጠበቃ፦ የአልዶ ሊዮፖልድ ሕይወት

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1909 አንድ የ22 ዓመት ወጣት ከአሪዞና ተራሮች ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ከአንድ የሥራ ጓደኛው ጋር ሁለት ተኩላዎች መግደላቸውን እንደ ተራ ወሬ ጣል አድርጎ አለፈ። ፉከራ የለበት፣ ጸጸት የለበት። እኛ አገር ድሮ ትልቅ አውሬ የጣለ ሰው ቅቤ እየተቀባ፣ እየሸለለ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። ለዚህ ወጣት ግን ተኩላ ግዳይ ተብሎ የሚቆጠር እንኳ አልነበረም። ገበሬ ከማሳው አረም ነቅሎ ሲጥል ለእናቱ ደብዳቤ አይጽፍም፤ እሱም የጻፈው ሌላ ወሬ ስላለቀበት ይመስላል።

ወጣቱ አልዶ ሊዮፖልድ ይባላል። ዛሬ ስለ ዱር እንስሳት አያያዝ ተምሮ ስሙን ሳይሰማ የሚመረቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያቺ ደብዳቤ ውስጥ የተወረወረች ወሬ ደግሞ ከ35 ዓመት በኋላ ተመልሳ መጥታ በሕይወቱ ከጻፋቸው ጽሑፎች ሁሉ በጣም የታወቀችውን አስጻፈችው። በሁለቱ ጽሑፎች መሃል ምን ተፈጠረ? ጥያቄው እኔን የሳበኝ ሰውየው ስለተለወጠ ብቻ አይደለም። ሲለወጥ ከማን ጋር እንደተጣላ ሳይ ነው የገረመኝ።

ሊዮፖልድ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1887 በአዮዋ ግዛት በርሊንግተን በምትባል፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ ነው። ቤተሰቡ የጀርመን ዘር ያለው ሲሆን አባቱ የጽሕፈት ጠረጴዛ የሚያመርት ድርጅት ነበራቸው። አባትየው አዳኝ ናቸው። ግን ዝም ብለው የሚተኩሱ ዓይነት አልነበሩም። ዳክዬና ዝይ በሚራቡበት በጸደይ ወራት ማደን ሕግ ሳይከለክላቸው በገዛ ፈቃዳቸው ትተዋል። ልጁ ጠመንጃ መያዝንም፣ ጠመንጃ ማስቀመጥንም ከእሳቸው ነው የተማረው። ከዚያ ዬል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ደን አጥንቶ በ1909 ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘና በዚያው ዓመት የአሜሪካ የደን አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ወደ አሪዞና፣ አፓቼ ወደሚባለው ብሔራዊ ደን ተላከ። ደብዳቤውን የጻፈውም እዚያ ሆኖ ነው።

ያ አገር የከብት አርቢዎች አገር ነው። አርቢዎቹ ከብቶቻቸውንና በጎቻቸውን በመንግሥት ደን ውስጥ በክፍያ ያሰማራሉ። የሊዮፖልድ መሥሪያ ቤት ሥራ ከነሱ ጋር መደራደር፣ መከራከር፣ አንዳንዴም መጣላት ነበር። ይባስ ብሎ አማቾቹም አርቢዎች ሆኑ፤ በ1912 ሳንታ ፌ ላይ ያገባት ኤስቴላ በርጌሬ በእናቷ በኩል የኒው ሜክሲኮ ታላላቅ የበግ ባለቤቶች ቤተሰብ ልጅ ናት። በ1913 የግጦሽ ጠብ ለማብረድ ሩቅ ሄዶ ዝናብና በረዶ ሲመታው ሰነበተና የኩላሊት ሕመም ይዞት ለጥቂት ተረፈ። ከአንድ ዓመት በላይ ሥራ ፈትቶ በማስታመም አሳለፈ። አልጋ ላይ ሆኖ ብዙ አነበበ፣ ከዚያ በኋላም ሐሳቡ ሁሉ ከግንድና ከጣውላ ይልቅ ወደ ዱር እንስሳት አደላ።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ላንሳ። በዚህ ጽሑፍ አጋዘን የምለው የባሌውን የደጋ አጋዘን አይደለም። የአሜሪካው አጋዘን ዝርያው ሌላ ነው፤ የወንዱ ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። ሴቷ ቀንድ የላትም። ምግብ ከተመቻት መንታ ትወልዳለች። ይቺ መንታ የምትለው ነገር ወደፊት ታስፈልገናለች።

ሊዮፖልድ ከሕመሙ ሲነሳ አጋዘን ከደቡብ ምዕራቡ ተራሮች እየጠፋ ነበር። መፍትሔ ብሎ ያመጣው አዳኞችን ማደራጀት ነው። ከ1915 ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየዞረ የአዳኞች ማኅበር አቋቋመ፣ ጋዜጣም አዘጋጀላቸው። በዚያው ዓመት የጻፈው ክርክር ዛሬ ሲታይ በጣም ይገርማል። አርቢውና አዳኙ በብዙ ነገር አይስማሙም። አርቢው ሣሩን ለከብቱ ይፈልገዋል፣ አዳኙ ለአጋዘኑ። በአንድ ነገር ግን አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ተኩላ አይወዱም። ተኩላው ከአርቢው ጥጃ ይወስዳል፣ ከአዳኙ አጋዘን ይወስዳል። እንግዲህ በዚህ ተባብረው መንግሥት ተኩላውን፣ የተራራ አንበሳውንና ሌላውን ሥጋ በል ሁሉ እንዲያጠፋላቸው ይጠይቁ አለ። መንግሥትም በጀት መድቦ ደመወዝተኛ ገዳዮች አሰማራ። በ1920 ሊዮፖልድ ኒው ዮርክ ላይ በተደረገ ስብሰባ ንግግር ሲያደርግ ሥራው ትዕግሥትና ገንዘብ ቢጠይቅም በኒው ሜክሲኮ የመጨረሻው ተኩላና የመጨረሻው የተራራ አንበሳ እስኪያዝ መቆም የለበትም ብሎ ነበር። ስለዚህ እሱ አንድ ቀን በስሜት ሁለት ተኩላ የተኮሰ ልጅ ብቻ አይደለም። የዘመቻው አፍ እሱ ነበር።

ዘመቻው ተሳካ። ችግሩም የመጣው ከመሳካቱ ነው።

በሰሜን አሪዞና ካይባብ የሚባል አምባ አለ። በ1906 ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የአጋዘን መጠበቂያ አድርገውት አጋዘን ማደን ተከለከለ፣ ሥጋ በሎቹ ግን እየታደኑ ተገደሉ። አጋዘኑ በዛ። እጅግ በዛ። በከፍተኛው ጊዜ 100 ሺህ ደርሷል ያሉ አሉ፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ተጠራጥረውታል፣ ከብትና በግ ከአምባው መቀነሱም የራሱ ድርሻ እንዳለው ጽፈዋል። አጋዘኑ ዛፉን ቁመቱ እስከደረሰበት ድረስ ቅጠል አልባ አድርጎ እንደነበረና በ1924 እና 1925 ክረምቶች በሺህ የሚቆጠር በረሃብ እንደሞተ ግን አያከራክርም። ሊዮፖልድ በሥራው ከሁሉም የሚኮራበት የሂላ ዱርም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው ይህ ሰፊ አገር መኪና መንገድ እንዳይገባበት ሆኖ በ1924 የተከለለው እሱ ባቀረበው ሐሳብ ነው። ተኩላው ከጠፋ በኋላ እዚያም አጋዘኑ ከልክ አለፈ። አዳኞች ገብተው እንዲቀንሱት ተብሎ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዱሩ መሃል መንገድ ተከፈተበት። ተኩላውን ያስገደለው ሰው ዱሩን በመንገድ ተሰነጠቀ ማለት ነው።

እሱ ግን ይህ ሲሆን እዚያ አልነበረም። በ1924 ወደ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ማዲሰን ከተማ ተዛውሯል። በ1928 የመንግሥት ሥራውን ለቆ በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች እየዞረ የሚታደኑ እንስሳትን ሁኔታ ማጥናት ጀመረ፤ ወጪውን የሸፈኑት የጠመንጃና የጥይት አምራቾች ነበሩ። በ1933 ስለ ዱር እንስሳት አያያዝ የጻፈው የመማሪያ መጽሐፍ ታተመ። በዚያው ዓመት የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ በትምህርቱ ፕሮፌሰር አድርጎ ሾመው።

ገበሬውን በደንብ ያወቀው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል። በደቡብ ምዕራብ ያየው በሺህ ከብት የሚነዳ አርቢ ነበር። ዊስኮንሲን ያገኘው ግን ጥቂት የወተት ላሞች፣ በቆሎና ድርቆሽ ያለው፣ ቅዳሜና እሁድ በመጣ ቁጥር የከተማ አዳኝ አጥሩን እየዘለለ የሚያስመርረው ሰው ነው። በ1931 ከማዲሰን አቅራቢያ ካሉ ገበሬዎችና ከጥቂት የከተማ አዳኞች ጋር ሆኖ ራይሊ በምትባል ቦታ ማኅበር መሠረቱ። ገበሬው መሬቱን ለአእዋፍ መጠለያ ይተዋል፣ አዳኙ ወጪውን ይሸፍናል፣ ያልተፈቀደለት አይገባም። ማኅበሩ ለዓመታት ቆየ። በ1935 ደግሞ ራሱ ባራቡ ከተማ አጠገብ፣ ዊስኮንሲን ወንዝ ዳር የተራቆተ አሸዋማ እርሻ ገዛ። ቤቱ ተቃጥሎ የቀረው የዶሮ ቤት ብቻ ነበር። ከባለቤቱና ከአምስት ልጆቹ ጋር ፍጉን ጠርገው እዚያው የዶሮ ቤት ውስጥ እያደሩ በየጸደዩ በሺህ የሚቆጠር የጥድ ችግኝ ተከሉ። ችግኙን ደግሞ ማን ይበላዋል? ጥንቸልና አጋዘን!

በዚሁ 1935 ጀርመን አገር ሄዶ ወራት ቆየ። የአያቶቹ አገር ደን በሰልፍ የቆመ አንድ ዓይነት ዛፍ ሆኖ አገኘው። ተኩላ የለም። አጋዘኑ ብዙ ነው፣ ከሥር የሚበላው ስለሌለ በክረምት ሰው ይቀልበዋል። በቀጣዩ ዓመት ለአደን ሰሜን ሜክሲኮ፣ ሪዮ ጋቪላን ወደሚባል ወንዝ ወረደ። እዚያ ተኩላም የተራራ አንበሳም አጋዘንም አብረው ይኖራሉ፤ ሣሩ ሙሉ፣ ወንዙ ጥርት ያለ ነው። አገሩ ከአሪዞና ጋር አንድ ዓይነት ተራራ ነው፣ ልዩነቱ ሰፋሪና ከብት ብዙም ያልገባበት መሆኑ ነው። እነዚህ ሁለት ጉዞዎች ሃያ ዓመት ያስተማረውን ነገር ሳይገለብጡበት አልቀሩም።

አሁን ወደ ዋናው ጠብ ልግባ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ በሰሜን ዊስኮንሲን የተጨፈጨፈው ደን በቁጥቋጦ ተተክቶ ስለነበር አጋዘን ሞልቶታል። ክረምት ላይ በረዶው ሲጠልቅ አጋዘኖቹ ጥላ ወዳለው ዝቅተኛ ቦታ ተሰብስበው ይከርማሉ። ያለውን ቅጠል በልተው ይጨርሳሉ። ትልልቆቹ አንገታቸውን ዘርግተው ከላይ ይበላሉ፤ ግልገሎቹ ስለማይደርሱ መጀመሪያ የሚሞቱት እነሱ ናቸው። ግዛቱ በ1942 ጉዳዩን የሚያጠና የዜጎች ኮሚቴ ሲያቋቁም ሊዮፖልድ ሰብሳቢ ሆነ። አባላቱ በክረምቱ መጨረሻ በረዶ ላይ እየተራመዱ በረሃብ የሞቱትን አዩ። ከዚያም ሴቶቹም እንዲታደኑ፣ ቀለብ መስጠት እንዲቀርና ለተኩላ ገዳይ የሚከፈለው የመንግሥት ሽልማት እንዲቆም ሐሳብ አቀረቡ።

የየወገኑ መልስ ምን ነበር? ገበሬው ሁለት ልብ ነበረው። አጋዘን በቆሎውንና ድርቆሹን ስለሚበላበት ቢቀነስ ደስ ይለዋል። ተኩላ ይኑር ሲባል ግን ጥጃውና በጉ ትዝ ይሉታል። ይሄን ለመረዳት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም፤ በልጅነቱ በግ የጠበቀ ሰው ማታ አንድ ጎድሎ ሲመለስ ቤት ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ደግሞ ገበሬው ዕዳ አለበት። የሞተችው ጥጃ ለእሱ ቁጥር አይደለችም። ስለዚህ የገበሬው ተቃውሞ ሊሰላ፣ ሊካስም የሚችል ነው። የመዝናኛ ቤት ባለቤቶችም የራሳቸው ስሌት ነበራቸው፤ እንግዳ የሚመጣው አጋዘን በብዛት ለማየት ነው።

በጣም የመረረው አዳኙ ነበር። ለዓመታት ሴትና ግልገል መግደል ነውር ነው፣ ተኩላ የአጋዘን ጠላት ነው ተብሎ ተነግሮታል። ይህን ካስተማሩት አንዱ ደግሞ ሊዮፖልድ ራሱ ነው! አሁን ያው መምህር ተመልሶ ሴቷን ግደሉ፣ ተኩላውን ተዉ ሲለው አዳኙ ምን ይበል? እያንዳንዱ ተኩላ የበላው አጋዘን ከእሱ ድርሻ የተወሰደ መስሎ ይታየዋል። በሱ ቦታ ብሆን እኔም ባልሰማሁት ነበር።

ሊዮፖልድ በ1943 የግዛቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ኮሚሽን አባል ሆኖ ተሾመ። በዚያ ዓመት ኅዳር ለአራት ቀን ወንድ፣ ለጥቂት ቀን ከታረፈ በኋላ ደግሞ ለአራት ቀን ቀንድ የሌለው አጋዘን እንዲታደን ተፈቀደ። ከ128 ሺህ በላይ ተገደለ። አገር ተንጫጫ። አዳኞች ያንን የአደን ወቅት የ43ቱ ወንጀል ብለው ሰየሙት። ኮሚሽኑንና እሱን ለመቃወም ተብሎ ጋዜጣ ተቋቋመ፣ ስሙም በየጊዜው ይብጠለጠልበት ነበር። ሊዮፖልድ አደን አልተወም፤ ቀስት እየሠራ እስከ ማደን የደረሰ ሰው ነው። የሰደቡት የራሱ ሰዎች ናቸው። ኮሚሽኑም ብዙም ሳይቆይ አፈገፈገ፣ በሕይወት እያለ ሴት አጋዘን የሚታደንበት ሌላ ወቅት አላየም። እንደገና የተፈቀደው በ1949፣ እሱ በሞተ በዓመቱ ነው።

በዚህ ግርግር መሃል በ1944 መጀመሪያ ካናዳ ውስጥ የሚሠራው የቀድሞ ተማሪው አልበርት ሆክባም ጻፈለት። ሆክባም ሥዕልም ይችላል፣ ለመምህሩ መጽሐፍ ሥዕል እንዲሠራ ታስቦ ነበር። የተላኩለትን ጽሑፎች አንብቦ ያልተዋጠለትን ነገር ተናገረ። መምህሩ ስለ ዱር መጥፋት ሲጽፍ ሌሎች እንዳጠፉት አድርጎ ነው፤ ተኩላውን ካጠፉት ሰዎች አንዱ ግን ራሱ ነው፣ ይህን ይጻፍ የሚል ነበር ነገሩ። ተማሪ ለመምህሩ እንዲህ ብሎ መጻፉ ለእኛ ትንሽ ይከብዳል። ሊዮፖልድ ተናደደ የሚል ነገር አላነበብኩም። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ግን እንደ ተራራ ማሰብ የተባለችውን አጭር ጽሑፍ ጨረሰ፤ አሪዞና ውስጥ ከገደል አፋፍ ላይ ሆነው ወንዝ የምትሻገር ተኩላ መተኮሳቸውን፣ ደርሶ ዓይኗን ማየቱን፣ ያኔ ያመነው ነገር ስህተት እንደነበረ የተናገረባት ናት።

እንደ ጋዜጠኝነት ተማሪ እዚህ ላይ ትንሽ ልጠራጠር። ጽሑፏን ብቻ ያነበበ ሰው የተኩላዋን ዓይን ባየበት ቅጽበት የተለወጠ ይመስለዋል። የ1909ኙ ደብዳቤ ግን እንደዚያ አይልም። የ1915ቱ ክርክርና የ1920ው ንግግርማ በተቃራኒው ነው የሚመሰክሩት። ሰውየው የተለወጠው በአንድ ቀን ሳይሆን በሠላሳ ዓመት ነው፤ ካይባብ፣ ሂላ፣ ጀርመን፣ ሜክሲኮ፣ የዊስኮንሲን በረዶ። ዋሽቷል አልልም። አሮጌ ትዝታን በአዲስ ዕውቀት አየው እንጂ። ለእኔ እንዲያውም ዝግ ብሎ የመጣው ለውጥ ከቅጽበቱ ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም በየደረጃው የተናገረውን በአደባባይ መልሶ መዋጥ ነበረበት።

መጽሐፉን አሳታሚዎች ደጋግመው መለሱበት። በመጨረሻ ኤፕሪል 14 ቀን 1948 አንድ አሳታሚ እሺ አለ። ከሳምንት በኋላ፣ ኤፕሪል 21፣ ቤተሰቡ እርሻው ላይ እያለ ከጎረቤት ገበሬ መሬት ጭስ ተነሳ። ሊዮፖልድ እሳቱን ለማጥፋት ከሮጡት አንዱ ነበር። እዚያው ልቡ ቀጥ አለ። 61 ዓመቱ ነበር። መጽሐፉ በ1949 ታትሞ ወጣ።

ዊስኮንሲን ለተኩላ ገዳይ ከ1865 ጀምሮ ስትከፍለው የነበረውን ሽልማት ያቆመችው በ1957 ነው። ያኔ የቀረ ተኩላ እምብዛም አልነበረም። በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ከጎረቤት ሚኔሶታ በራሳቸው እግር ተመለሱ። ጠቡም ተመለሰ። ግዛቱ ተኩላ ከብት ሲበላ ካሳ ይከፍል ጀመር፤ ገበሬው ግን ጉዳቱን ያደረሰው ተኩላ መሆኑን ማስመርመር አለበት። በፌብሩዋሪ 2021 አደን ሲፈቀድ የኦጂብዌ ሕዝብ ላልሆኑ አዳኞች የተሰጠው ድርሻ 119 ተኩላ ነበር። ሦስት ቀን ሳይሞላ 218 ተገደሉ። ኦጂብዌዎች ተኩላን እንደ ወንድም ያያሉ፣ ለእነሱ የተሰጠውን 81 ሳይገድሉ ለማትረፍ አስበው ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 ፍርድ ቤት የተኩላውን የፌዴራል ጥበቃ መለሰው።

አሪዞና ውስጥ ደግሞ ተኩላው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሜክሲኮ አምስት ተኩላዎች በሕይወት ተይዘው መጡ፣ በግቢ ውስጥ እንዲራቡ ተደረገ። በማርች 1998 ከዘሮቻቸው 11 ተኩላዎች ወደ ዱር ተለቀቁ። የተለቀቁበት ቦታ ሊዮፖልድ ለእናቱ ደብዳቤ የጻፈበት ያው አፓቼ ደን ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ከመካከላቸው በጥይት ተመትተው የተገኙ ነበሩ።